የቻይና አጥንትና የአጎቴ ሞራ

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ኦክላንድ አካባቢ ባለችው ኒውአርክ ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳሽግ እውልና በሁለት አውቶቡስ ኦክላንድ ኮሌጅ እደርሳለሁ፤ እደርሳለሁ ስል በድኔ ይደርሳል ማለቴ ነው። ነርሲንግ ለመግባት አንድ የታሪክ ክላስ ማለፍ ግድ ነበር፣ ቦታ የተረፈው ደግሞ የጥንት ቻይና ላይ ብቻ ሆነ። ብወድቅ መጋዘኑ ውስጥ መቅረቴ ነው።

እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ያነበብኩትን አብረውኝ ለሚኖሩት አጎቴ እተርክላቸው ነበር። አሁን ታክሲ ነጂ ናቸው፤ አገር ቤት ግን የታረደ በግ ሞራ ዘርግተው መጪውን ይናገሩ ነበር። ጎርፍ ስለገራው ንጉሥ ስነግራቸው አዛጉ። የሻንግ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት ላይ ስደርስ ቀና አሉ።

«የበሬ ትከሻ አጥንትና የኤሊ ቅርፊት በእሳት ያግላሉ። ከዚያ ስንጥቁን ያነባሉ፤ ዝናብ ይጥላል ወይ፣ ጦርነቱ ይቀናናል ወይ እያሉ።»

«የእኛው ዘመዶች ናቸዋ!»

«እነሱ ግን ጥያቄውን እዚያው አጥንቱ ላይ ይቀርጹታል። አንዳንዴም ኋላ የሆነውን።»

«የሆነውን ጭምር? ሞኞች! እኛ ብንጽፍ ኖሮ ማን ያበላን ነበር?»

ፈተናው ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ ነበር። ለበዓሉ ኮንኮርድ አጠገብ ካለ እርሻ በግ ገዛን፤ አጎቴ እዚያው አረዱ። ድካሙ አሞኝቶኝ መሰለኝ፣ «እስቲ ይዩልኝ፣ አልፋለሁ?» አልኳቸው። ሞራውን ወደ ፀሐይ ዘረጉት፤ የሚያዩት ግን እኔን ነበር።

«ታልፊያለሽ ልጄ። ጥርት ያለ ነው።»

ፈተናው ላይ ተኛሁ። እውነቴን ነው፤ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ዓይኔን አንዴ ላሳርፍ ብዬ ጋደል አልኩ፣ መምህሩ ሰዓቱ ሲያልቅ ቀሰቀሰኝ። ወደቅሁ።

«ጥርት ያለ ነው አላሉኝም?» አልኳቸው ማታ ሲገቡ።

«ማን ጻፈው?» አሉ። ግን አልሳቁም። ጫማቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። «ድካምሽን አይቼው ነበር እኮ» አሉኝ።

በማግስቱ ደብተር ገዝተው መጡ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ታልፋለች አልኩ። ወደቀች» ብለው ጻፉ። መስከረም ላይ ክላሱን ደግሜ ስጀምር፣ ማክሰኞ ማክሰኞና ሐሙስ ሐሙስ ሥራቸውን እየተዉ ታክሲያቸውን መጋዘኑ በር ላይ አቁመው ጠበቁኝ፤ የኋላው ወንበር ላይ ትራስ አስቀምጠው።