ከሪንጉ የሮጥኩ ዕለት

ከቦንጋ የወጣሁት በስፖርት ቱታ፣ ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነው። ለዳይሬክተሩ ጅማ ላይ የትምህርት ቤቶች ውድድር አለ፣ ለዳኝነት ተጠርቻለሁ ብዬዋለሁ። እውነቱን የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች። በዋዜማው ምሽት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ እኛ እራት አቅርበን እንተያያለን። እሷ ቆጮውን ቆርሳ ትሰጠኛለች፣ እኔ አፌ ውስጥ አዞረዋለሁ፣ አልወርድ ይለኛል። ውጭ ውሻ በጮኸ ቁጥር ሁለታችንም ወደ በሩ እናያለን። እኔ እኮ በኮሌጅ ዘመኔ በነፃ ትግል ከክልሉ አንደኛ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ አንገቴ የኮርማ አንገት ነው የሚሉኝ። ያን ምሽት ግን ተነሥቼ በሩን በርጩማ ደገፍኩበት፣ እናቴም አይታ እንዳላየች ሆነች።

ምን አድርገህ ነው ትሉኝ ይሆናል። ምንም። አንድ የታሪክ መምህር ባልደረባዬ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ መንግሥትን ተናገረ ተባለ፣ አንተም ነበርክና ሰምቻለሁ ብለህ ፈርም ተባልኩ፣ አልሰማሁም አልኩ። እውነትም አልሰማሁም፣ ስበላ ነበር። ከዚያ በኋላ በየግምገማው ስሜ መነሳት ጀመረ። ባልደረባዬ ታሰረ። ቀጥሎ ተረኛው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም።

ጎጀብ ኬላ ላይ ፈታሹ ቦርሳዬን በርብሮ ሲያበቃ ፊሽካዬን አየና፣ ዳኛ ነህ እንዴ፣ ኳሱን የገደላችሁት እናንተ ናችሁ ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከፍርሃቴ ብዛት ከሱ በላይ ሳቅሁና ሰውየው ግራ ገብቶት ቦርሳዬን መለሰልኝ። ከሞያሌ እስከ ጆሃንስበርግ ያለውን መንገድ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ የማታውቁትም ባታውቁት ይሻላችኋል። እኔ ማላዊን ያቋረጥኳት በሽንኩርት ጆንያ ሥር ተኝቼ ነው፤ ስለ ማላዊ የምነግራችሁ ነገር ቢኖር ሽታዋን ብቻ ነው።

ጆሃንስበርግ የስደተኞች ቢሮ ደርሼ ሦስት ቀን ተሰለፍኩ። በመስኮቱ ያለችው ሴትዮ ቅጽ ሰጠችኝና የምትፈራውን በአጭሩ ጻፍ አለችኝ። ለፍርሃት የተተወው ቦታ ሦስት መስመር ነው።

«ሦስት መስመር አይበቃኝም» አልኳት።

«እንግዲያው ሦስት መስመር የሚሞላውን ብቻ ፍራ» አለችኝና ቀጣዩን ጠራች።

በየሦስት ወሩ የሚታደስ ወረቀት ሰጡኝ። ያቺ ወረቀት ካለችህ ሰው ነህ፣ ቀኗ ካለፈ ፖሊስ አንስቶ እስር ቤት ይጥልሃል፣ ከዚያ ወደ አገርህ በአውሮፕላን ይጭንሃል ይላሉ። እኔ ቀኗን በቃሌ ይዤ እተኛለሁ፣ በቃሌ ይዤ እነሳለሁ። ክረምቱ ደረቅ ብርድ ነው፤ የኛን አገር ጭጋግና ጭቃ ያማረርኩበትን ቀን ረገምኩ። ምግባቸው ፓፕ ይባላል፣ ቅቤና በርበሬ የማያውቅ ገንፎ ነው፣ ሰው በለቅሶ ቤት እንኳ እንዲህ አያቀርብም። ግን በላሁት።

ሥራዬ ከአንድ መጋዘን ዱቄት ማውረድ ነበር። መጋዘኑ አጠገብ የድሮ ጂም አለ። አንድ ቀን በመስኮት ብመለከት ሁለት ሰዎች ይታገላሉ፣ አያያዛቸው ሁሉ ስህተት። የመምህርነት ነገር አይለቅም፣ ገባሁና እንዲህ አይደለም አልኩ። ትልቁን ሰውዬ ወገቡን ይዤ በአንድ ትንፋሽ መሬት ላይ አነጠፍኩት። ሰውየው ተንጋሎ ይስቃል። ታቦ ይባላል፣ ወደ አርባ ዓመቱ ነው፣ በሥራ ቀን የተማሪዎች አውቶቡስ ይነዳል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሬስሊንግ ይጫወታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ቲቸር» አለኝ፣ ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም። ብዙም ሳይቆይ ከሚጫወትበት ቡድን ጋር ቀላቀለኝ።

እንግዲህ ቦንጋ ቪዲዮ ቤት ተጋፍታችሁ እያያችሁ ሬስሊንግ እውነት ነው ውሸት ነው ስትባባሉ ለኖራችሁ መልሱን ልንገራችሁ። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይታወቃል። መውደቁ ግን እውነት ነው። ወለሉ ጣውላ ነው፣ በላዩ ስስ ስፖንጅና ሸራ። ይህን የምላችሁ ሪንጉን፣ የምንጋጠምበትን መድረክ፣ ከጭነት መኪና አውርደን የምንገጥመው ራሳችን ስለሆንን ነው። እንደነዚያ በቴሌቪዥን እንደምታዩዋቸው ትልልቆች አይደለንም፤ የግላችን ነን፣ ኮንትራት የለን፣ ሐኪም የለን፣ ዛሬ የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ነገ የመንደር ኳስ ሜዳ። አዘጋጁ ሚስተር ዳኒ የሚባል ሆዳም ሰውዬ፣ ከኢትዮጵያ ነኝ ስለው የአንበሳ ጎፈር ያለው ሰደርያ ገዝቶ መጣ። አገርህ አንበሳ አለ? አለኝ። የካፋ ጫካ ውስጥ አለ፣ ግን እኔ ሳየው ሮጬ ነው የማመልጠው አልኩት። ይህን ለሕዝቡ እንዳትናገር አለኝ።

ታቦ ነው መውደቅ ያስተማረኝ። ይህን ነገር በደንብ ስሙኝ፣ ሁሉም ከዚህ ነው የመጣው። በኮሌጅ ትግል ሁለቱ ትከሻዎችህ ምንጣፉን ከነኩ አበቃልህ፣ ተሸንፈሃል። አሠልጣኛችን አየር ላይ ስንሆን እንኳ ተጠማዘን በሆዳችን እንድንወርድ አራት ዓመት ቀጥቅጦ አስተምሮናል። እዚህ ደግሞ በጀርባህ ዘርጋ ብለህ፣ አገጭህን ደረትህ ላይ ለጥፈህ መውደቅ አለብህ። ታቦ ያነሳኛል፣ እኔ አየር ላይ እጠማዘዛለሁ። ያነሳኛል፣ እጠማዘዛለሁ። አእምሮዬ እሺ ይላል፣ ወገቤ እምቢ።

«ቲቸር» አለኝ አንድ ቀን፣ ላቡን እየጠረገ፣ «ካነሳሁህ በኋላ የኔ ነህ። ራስህን ለማዳን አትሞክር። ራስህን ካዳንክ እኔ ነኝ የምጎዳው።»

በስንት ወር ተማርኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ አብረን ተጫወትን፣ እሱ ያነሳኛል፣ እኔ እወድቃለሁ፣ ልጆች ይጮሃሉ። እሁድ ቤቱ ወስዶኝ ሚስቱ ያበሰለችውን እበላለሁ። እውነቱን ለመናገር በዚያ አገር የማልፈራው ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ያቺ ቅዳሜ መጣች። ወረቀቴን ለማሳደስ ሁለት ጊዜ ተሰልፌ ሁለቱንም ጊዜ መስኮቱ ተዘግቶብኝ፣ ቀኗ ካለፈ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ያን ሳምንት እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ከሰዓት በኋላ ነው፣ አዳራሹ በልጆች ጢም ብሏል። ታቦ አነሳኝ። ከትከሻው በላይ ሆኜ ቁልቁል ሳይ፣ ፊት ወንበር ላይ የደንብ ልብስ የለበሱ ሁለት ፖሊሶች ተቀምጠዋል። ልጆቻቸውን አቅፈው ፋንዲሻ ይበላሉ። ያ ፋንዲሻ አሁን ነው የሚታየኝ፣ ያኔ ያየሁት ልብሱን ነው። መጡብኝ አልኩ። ወገቤም ያን የኮሌጁን ነገር አደረገው፣ ተጠማዘዝኩ፣ የታቦን አንገት ያዝኩ፣ እግሩ ከዳው፣ እሱ በጭንቅላቱ ቁልቁል፣ እኔ ሙሉ ክብደቴን ይዤ በላዩ ወደቅን።

በኛ ሥራ ደህና ነህ ወይ ለማለት ሕዝቡ ሳያይ እጅ ጨበጥ ይደረጋል፣ ደህና የሆነ መልሶ ይጨብጣል። ጨበጥኩት። እንደገና ጨበጥኩት። ጣቶቹ እንደ እንቅልፋም ልጅ ጣት እጄ ላይ ቀሩ። ዳኛው ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አጣመረ፣ ያ ምልክት ጉዳቱ የእውነት ነው ማለት ነው። ልጆቹ ግን ጨዋታ መስሏቸው ያጨበጭባሉ። ፖሊሶቹ ብድግ አሉ። ዛሬ ሳስበው ሊረዱን ነው የተነሱት፣ ሌላ ምን ሊሆን። ያኔ ግን በገመዱ ዘልዬ በጓሮ በር ወጥቼ ሮጥኩ። ስልኬም ልብሴም አዳራሹ ቀረ። ታቦን ሸራው ላይ ትቼው ሮጥኩ፣ ይህን ለማንም ለመናገር አፍራለሁ፣ ለናንተ ግን ጻፍኩት።

ታክሲ ውስጥ የገባሁት የአንበሳ ሰደርያዬን እንደለበስኩ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ጎፈሩን ነካ ነካ አድርገው፣ ልጄ፣ ከማን ነው የምትሸሸው አሉኝ። ከማንም አልኳቸው። ነጠላ የመሰለ ብርድ ልብሳቸውን ከትከሻቸው አውርደው አለበሱኝና እስክወርድ ድረስ ሌላ ነገር አልጠየቁኝም።

ከከተማው በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ፣ ሎኬሽን በሚሉት የድሃ ሰፈር ውስጥ ደሳለኝ የሚባል የሆሳዕና ልጅ ሱቅ አለው፣ ከሞዛምቢክ ድንበር ጀምሮ አብረን የመጣን ነን። ከሱቁ ጀርባ፣ በሳሙናና በዘይት ካርቶን መሃል አራት ቀን ተደበቅሁ። መኪና በቆመ ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ። ሞቶ ይሆን? ከሞተ እኔ ነኝ የገደልኩት። ካልሞተስ ሚስቱን በምን ዓይኔ አያታለሁ? ደሳለኝ ወደ ደርባን የሚሄድ ጭነት መኪና አገኘልኝ፣ በማግስቱ ጠዋት ይነሳል፣ እዚያ ማንም አያውቅህም አለኝ። እሺ አልኩ። ከመሄዴ በፊት ግን የእናቴን ድምፅ መስማት ፈለግሁና የደሳለኝን ስልክ ተቀበልኩ።

እቤት ስልክ የለንም። የምደውለው ከደጃችን ፊት ለፊት ወዳለው የጋሽ ሸምሱ ሱቅ ነው፣ አባቴ ከሞተ ጀምሮ እኛን እንደ ቤተሰብ የያዙን ሰው ናቸው። አንሥተው ድምፄን ሲሰሙ አልሐምዱሊላህ ብለው እናቴን ለመጥራት እንደ ልጅ ሲሮጡ ሰማሁ። እናቴ እያለከለከች መጣች። በካፊኖኖ፣ በካፋ ቋንቋችን፣ ነው የምናወራው፣ እኔ ነኝ ለናንተ በአማርኛ የምጽፈው።

ትናንት ሰው ደውሎ ነበር አለችኝ። አንተ ካለህበት አገር ነው፣ እንግሊዝኛ ነው የሚናገረው፣ የጋሽ ሸምሱ ልጅ ሀያት እየተረጎመች አወራሁት፣ ስሙ ታቦ ይባላል። ወዲያው ገባኝ። ሚስተር ዳኒ ሥራ ሲያስጀምረኝ አደጋ ቢደርስብህ ለማን ይደወል ብሎ አስሞልቶኝ ነበር፣ እኔም ሌላ ዘመድ ስለሌለኝ የጋሽ ሸምሱን ሱቅ ቁጥር ጽፌ ነበር። ካርቶኑ ላይ ቁጭ አልኩ። ሕይወቱ አለች ማለት ነው። ከየት ነው የደወለው ብዬ ጠየቅኋት። ከሐኪም ቤት ነው፣ ተኝቶ ነው አለች፤ ስልኩን ጆሮው ላይ የያዘለት ሌላ ሰው እንደሆነ ለሀያት ነግሯታል፣ ለምን እንደሆነ ግን አልገባንም።

እኔ ገባኝ። ማልቀሴን እንዳትሰማ አፌን በመዳፌ ያዝኩ።

ተቆጥቶ ነበር? አልኳት። ኧረ ምን ይቆጣል አለች፣ እንደ ወንድም ነው የተናገረው። በጣም ፈርቶ ሲሄድ አይቼዋለሁ፣ በሦስት ቀን አገሩ ይደርሳል ወይ ብዬ ነው፣ ልጅሽ ቤቱ በሰላም ገባ ወይ ብሎ ነው የጠየቀኝ አለች። ገብቷል እንዳልለው አልመጣህም፣ አልገባም እንዳልለው ልቡ እንዳይሰበር ፈራሁ፣ ነገ ደውል አልኩት አለች።

«ዛሬ ማታ እደውላለሁ ብሏል» አለችኝ። «ምን ልበለው?»

ደሳለኝ በሩ ላይ ቆሞ የመኪናውን ሰውዬ ቁጥር የጻፈበትን ብጣሽ ወረቀት ያሳየኛል። እናቴ ትጠብቃለች። ፈርቼ ነበር፣ ይህን ስጽፍም ፈርቻለሁ፣ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ፖሊስ ይኖራል፣ ሚስቱ ትኖራለች፣ ከሁሉ በላይ እሱ አልጋው ላይ ይኖራል።

«ገና አልገባም በዪው» አልኳት። «ወዳንተ እየመጣ ነው በዪው።»

«እሺ፣ እለዋለሁ» አለች። ከኋላዋ ዝናቡ የጋሽ ሸምሱን ቆርቆሮ ሲመታ ይሰማኛል።

«ወደኔስ?» አለችኝ።