አራሷ እፉኝትና ጋሽ ነገራ

ስለ ጋሽ ነገራ ማውራት ከጀመርኩ አላቆምም፤ የሰለቸው ጆሮውን ይድፈን። ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ ስትወጡ፣ እኛ ሰፈር ካሉት የድንጋይ አጥሮች ግማሹ በእሳቸው እጅ የተፈለጠ ነው። ሃያ ዓመት እንጦጦ ግርጌ ካለው የድንጋይ ካባ ሲፈልጡ ኖረው፣ አሁን ጉልበታቸው ሲደክም የአንድ መጋዘን ጥበቃ ሆነዋል።

የካባ ሰው ድንጋይ ዝም ብሎ አይገለብጥም። ጋሽ ነገራ መጀመሪያ በዲጂኖ፣ በዚያ ረጅም ብረታቸው፣ ሁለቴ መታ መታ አድርገው ያዳምጣሉ። ሌላው እባብ ኮቴ ሲሰማ ይሸሻል፣ እፉኝት ግን ቀለሟን ተማምና ባለችበት ትተኛለች ይላሉ። ደረቅ ቅጠል መስላ ነው የምትተኛው። ሲጠጓት ግን በትንፋሿ ሳታስጠነቅቅ አትነክስም፣ ያንን ድምፅ ማድመጥ ነው ይላሉ። ይህን ሲያወሩ ስለ አንዲት የተከበረች ጎረቤት የሚያወሩ ነው የሚመስለው። እኛ ደግሞ እንስቅባቸው ነበር።

አምና ለደመራ ሁለት ቀን ሲቀረው ልጆች ከተከመረው እንጨት ሥር እርሳስ የምታክል እፉኝት አገኙ። ወዲያው ሌላ ተገኘች። ጎረምሶቹ ሁለቱንም ገደሏቸው። ሰፈሩ ሲሸበር፣ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ዲያቆን ቤዛብሕ መጽሐፍ ጠቅሶ አረጋጋን፤ የእፉኝት ልጆች የእናታቸውን ሆድ ቀደው ስለሚወጡ እናቲቱ ሞታለች፣ አትፍሩ አለ። ይህንን ደግሞ ሁላችንም ስንሰማው ያደግነው ነገር ስለሆነ እፎይ አልን።

ጋሽ ነገራ ግን መጥተው እናቲቱ በሕይወት አለች፣ እንጨቱ ሥር ናት፣ ክምሩ ይፍረስ አሉ። አንድ ጊዜ ካባ ውስጥ አሥራ አራት ልጆቿ ከበዋት፣ ሆዷ ደህና ሆኖ፣ ተኝታ አይቻለሁ አሉ። ይፍረስ? ሳምንት ሙሉ የተለፋበት ደመራ? ሰው ሳቀ። እኔማ ከሁሉ ብሼ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ «ድንጋይ ሲፈልጡ ኖረው ዛሬ ከመጽሐፍ ሊበልጡ ነው?» አልኳቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም።

እሳቸው አልተቆጡም። «መጽሐፉን እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ የማውቀው ድንጋዩን ነው» አሉና ሄዱ።

የደመራው ዕለት በጠዋት አፉ የተቆረጠ ጀሪካን፣ ባዶ ማዳበሪያ፣ ዲጂኖና ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይዘው መጥተው ክምሩ አጠገብ ተቀመጡ። ምሳ እንኳ ሳይበሉ የቀረበውን ልጅ ሁሉ ሲመልሱ ዋሉ። ጎረምሶቹ እንጨት ዘበኛ ተቀጠረለት እያሉ አሾፉባቸው።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የስምንት ዓመት ልጄ ሰምሀል አደይ አበባ ልትሰካ ስትሮጥ ጋሽ ነገራ ጮኹባት። እያለቀሰች መጣች። ቱግ አልኩ! በበዓል ቀን ልጄን? አበባውን ከእጇ ተቀብዬ፣ እኔው እሰካልሻለሁ ብዬ እየጎተትኳት ሄድኩ። መንገዴ ላይ ቆሙ። በክንዴ ገፋ አድርጌ አለፍኳቸው። አዎ፣ ሽማግሌ ገፋሁ፤ አልዋሽም። ጎንበስ ብዬ እጄን ወደ እንጨቱ ሥር ሰደድኩ።

ጎማ ሲተነፍስ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። ከእጄ አንድ ስንዝር ርቆ ያየሁት ደረቅ ቅጠል፣ ቅጠል አልነበረም። ክንድ የሚያክል ሰውነቷን ጠቅልላ፣ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ስባ ታየኛለች። ሰምሀል ቀሚሴን እንደያዘች ናት።

«ኢትዮጵያ፣ እጅሽን እንዳታንቀሳቅሺ» አሉኝ በስሜ ጠርተው፣ ጨው አቀብይኝ የሚሉ ያህል ረጋ ብለው።

ልጄን ቀስ አድርገው ወደ ኋላ ሳቧት። ከዚያ ዲጂኖውን በእጄና በእፉኝቷ መካከል አስገቡ፤ እሷም ብረቱን ነከሰች። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «አሁን» ሲሉኝ እጄን ሳብኩና መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ጀሪካኑ ውስጥ ከመክተታቸው በፊት እፉኝቷን በዱላው ጫፍ አንስተው ለቤዛብሕ አሳዩት። ሆዷ ላላ ብሏል እንጂ ጭረት የለበትም። ቤዛብሕ ጨዋ ልጅ ነው፤ ተሳስቼ ነበር አለ፣ ሰው እየሰማው። ከዚያ ያ አይፈርስም የተባለው ክምር ፈረሰ፤ ከሥሩ አምስት ልጆቿ ተገኙ፤ ጋሽ ነገራ እነሱንም ከእናታቸው ጋር ጀሪካኑ ውስጥ ከተቷቸው። ጎረምሶቹ ከነልጆቿ ደመራው ውስጥ ትቃጠል ብለው ሲጮሁ፣ ጋሽ ነገራ ጀሪካኑን በማዳበሪያ ሸፍነው ብድግ አሉ።

«አራስ ናት» አሉ። «አራስ አይነካም።»

ሁሉም መንገድ ለቀቀ። እኔ ሰምሀልን ለጎረቤቴ ለዓሊማ ሰጥቼ፣ ዲጂኖውን ተሸክሜ ተከተልኳቸው። ዳገቱን ወጥተን ሥራ የቆመበት አሮጌ ካባ ስንደርስ ጀሪካኑን አጋደሙላት። ሳትጣደፍ፣ ቀጥ ብላ፣ ከድንጋዮቹ ሥር ገባች፤ ልጆቿም በየስንጥቁ ተበተኑ።

ነድፋዎት አታውቅም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሱሪያቸውን ከፍ አደረጉ። ባታቸው ላይ መዳፍ የሚያክል ሥጋ ጎድሏል።

«ሃያ ዓመት ቤቷን ሳፈርስባት ኖሬ፣ አንዴ ነው የነከሰችኝ» አሉ።

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ተይ፣ ተነሺ እያሉ አነሱኝ። ከታች ደመራው እንደገና ተደምሮ፣ ተለኩሶ ሆታው ይሰማ ነበር፤ ሰው ሁሉ እዚያ ነው። የዘለፍኳቸው በሕዝብ ፊት፣ ይቅርታ የጠየቅኳቸው ግን ማንም በሌለበት ሆነ። እሳቸው በቃ፣ አለቀ ብለውኛል። ለእኔ ግን አላለቀልኝም፤ ላገኘሁት ሰው ሁሉ የምናገረው ለዚህ ነው።