ጎማ የጠጣ ሬንጅ

ሰሞኑን ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው መንገድ እየተሠራ ነው። ጠዋት መስኮቱን ስከፍት የትኩስ ሬንጅ ሽታ ይቀበለኛል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል። ትናንት አጥሩን ተደግፌ ስመለከት አንዲት ወጣት መሐንዲስ ቀረበችና፣ ቦቴው የጫነው ተራ ሬንጅ እንዳልሆነ፣ ፖሊመር የሚባል እንደ ጎማ የሚለጠጥ ነገር ፋብሪካ ውስጥ እንደተቀላቀለበት በትሕትና አስረዳችኝ። «አባባ፣ ይሄኛው በብርድ አይሰነጠቅም፣ በፀሐይም አይለሰልስም» አለችኝ። አላቋረጥኳትም። ጡረተኛ ሁሉን አውቃለሁ ሲል አያምርበትም። እውነቱን ለመናገር ግን እኛ የዚያን ነገር ዘመድ በዚሁ በደብረ ታቦር፣ በደርግ ጊዜ፣ በበርሜል ቀቅለነዋል።

ያን ጊዜ ሃያዎቹን አጋምሼ በመንገድ ጥገና ካምፕ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነበርኩ። አካባቢው ሁሉ የጠጠር መንገድ ሲሆን፣ ከገበያው በላይ ያለችው ጠመዝማዛ ዳገት ብቻ ጠጠሯን ጎርፍ እየጠረገ ቢያስቸግር አስፋልት ለብሳ ነበር። አስፋልቱም አልበጃትም። በኅዳር ከጉና ተራራ በሚወርደው ውርጭ ሬንጁ ደርቆ ይሰነጠቃል። በሚያዝያ ቀትር ደግሞ ይለሰልስና ከእብናት እህል ጭነው የሚመጡ መኪናዎች ቦይ ያወጡበታል። ክረምት ሲገባ ውሃው በስንጥቁ ሰርጎ የቀረውን ይገነጥለዋል። የካምፑ ኃላፊ ጓድ መኩሪያ ተሰላችተው «ይነቀልና ጠጠሩ ይመለስ» ብለው ነበር።

እኔ ግን ሬንጅ ጎማ ሲገባበት፣ ሲስቡት ተለጥጦ ሲለቁት እንደሚመለስ በሥልጠና ተምሬ ነበር።

«ከዳገቷ ላይ አንዷን ኩርባ ብቻ ለሙከራ ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ጎማውን ከየት ልታመጣ?»

«እሱን ለእኔ ይተዉት» ብዬ ወጣሁ። በዚያ ዕድሜ አፌ ከእግሬ ይቀድም ነበር።

ጎማው ያለው አያ ተገኝ ዘንድ ነው። አያ ተገኝ ከአሮጌ የመኪና ጎማ በረባሶ ጫማ ሠርተው የሚሸጡ፣ ቁጥብ ሰው ነበሩ። የጫማውን ጠርዝ በሞረድ ሲያለሰልሱ የሚረግፈው ፍቅፋቂ ከጓሯቸው እንደ ጉብታ ተከምሯል፤ ቢያቃጥሉት ጎረቤት ይጮኻል፣ ቢጥሉት የሚወስደው የለም። የእኔ ችግር ሌላ ነበር። ልጃቸውን የሺን እወዳታለሁ፤ ሽማግሌ ልኬም «እንምከርበት» ተብለው ተመልሰዋል። በእኛ አገር ሽማግሌ የላከ ሰው መልሱን እስኪሰማ በልጅቱ አባት ደጅ አያልፍም። ሄዶ ሌላ ነገር መለመንማ የላካቸውን ሰዎች መናቅ ነው። ዝናቡ ደግሞ ደርሷል። አመነታሁ፣ አመነታሁና ሄድኩ።

ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጎማ ሲበልቱ ደረስኩ። ቢላቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ።

«ሽማግሌዎችህን አላመንካቸውም?»

«አምኛቸዋለሁ፣ አያ ተገኝ። እኔ የመጣሁት ለፍቅፋቂው ነው።»

«ለምኑ?»

«ለጎማው ፍቅፋቂ። ለዳገቷ እፈልገዋለሁ።»

ሬንጁን፣ ውርጩን፣ ስንጥቁን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሳይስቁ፣ ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ውሰደው፣ ጓሮዬን ጠረግህልኝ» አሉ በመጨረሻ። «ግን ደፍረህ ከመጣህ አይቀር ስማኝ። መንገድህ ክረምቱን ችሎ ከወጣ ለሽማግሌዎችህ መልስ እሰጣለሁ። ከተገነጠለ ሌላ ደጅ ይሂዱልህ።»

«ይሁን» አልኩ።

ፍቅፋቂውን በወንፊት ነፍተን ደቃቁን ለየንና በግንቦት መጨረሻ ሥራ ጀመርን። ሬንጁ በርሜል ውስጥ ሲግል ጎማው በጥቂት በጥቂቱ ይነሰነሳል፤ ከዚያ ጎማው ጠጥቶ እስኪያብጥ ድረስ እጅ ሳያርፍ ይማሰላል። ካቋረጡት ሥር ይዘቅጥና ያራል። ቀትር ላይ ድብልቁ እንደ ገንፎ ከበደ። ሠራተኞቹ የለመዱት ሬንጅ ሲወፍር ናፍጣ ማፍሰስ ነበር፤ አንዱ ጀሪካኑን ይዞ መጣ።

«ይህ እንዴት ይፈሳል? ትንሽ እናቅጥነው እንጂ!»

«ጠብታ እንዳትጨምር! ከቀጠነ አበቃለት» ብዬ በርሜሉ ፊት ቆምኩ። ማማሰያውን ራሴ ያዝኩት። ትኩስ ቅቅል ድንች በበርበሬ ሲመጣልን እንኳ አንድ እጄ ማማሰያው ላይ፣ አንድ እጄ ድንቹ ላይ ነበር። በዚያው ቀን ኩርባዋ ላይ አፈሰስነው፣ ጠጠር በተንበት፣ ዳመጥነው።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። በየማለዳው ጃንጥላዬን ይዤ ዳገቷን እወጣለሁ። ጎንበስ ብዬ በአውራ ጣቴ እጫናለሁ፣ ጠርዝ ጠርዙን እዳብሳለሁ። የሰፈሩ ሰው «ምን ጠፋበት?» እያለ ይሥቅብኝ ነበር። ከቡሄ በፊት አንድ ቀን ከባድ በረዶ ወረደ፤ በማግስቱ እየሮጥኩ ሄድኩ። ከኩርባዋ በላይም በታችም ያለው አሮጌ አስፋልት እየተቀረፈ ተነሥቷል፤ የእኔዋ ግን አንድ ጠጠር እንኳ አልለቀቀችም። ብቻዬን በዝናብ መካከል ጮኼ ሣቅሁ።

መስከረም ጠባ። አያ ተገኝ በገዛ በረባሷቸው ዳገቷን ወጡ፣ ኩርባዋ ላይ ቆሙ፣ በተረከዛቸው ረገጥ ረገጥ አደረጓትና ወረዱ። በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎቹ ተጠሩ፤ በጥር የሺን አገባሁ። ጓድ መኩሪያም ስለ ጠጠር ማውራት ተዉ።

ይህን ሁሉ ትናንት ማታ እራት ላይ አንሥቼ፣ «ያች ኩርባ ባትይዝልኝ አባትሽ አንቺን አይሰጡኝም ነበር እኮ» አልኳት የሺን።

የሺ ጉርሻዋን ይዛ ቀረች። «ሽማግሌዎቹ እስካሁን አልነገሩህም ማለት ነው?»

«ምኑን?»

«አባቴ ለሽማግሌዎቹ እሺ ያላቸው ፍቅፋቂውን በወሰድክ ሳምንት ነው። ደፋር ነው፣ ወድጄዋለሁ ብሎ። እስከ መስከረም ለአንተ ትንፍሽ እንዳይሉ አስማላቸው።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። አልማልኩምም።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ክረምት ዝም ትያለሽ?»

«ዝናብ እየመታህ በየማለዳው ለእኔ ብለህ ዳገት ስትወጣ ማየቱን የትኛዋ ሴት ትተወዋለች?»

ልቆጣ አስቤ ነበር፤ አልመጣልኝም። ያን ክረምት የፈራሁት ለሬንጄ ሳይሆን የሺን እንዳላጣ ነበር። ለካ አስቀድማ የተሰጠችኝን ልጅ አጣለሁ ብዬ ነው ክረምቱን ሙሉ ስፈራ የኖርኩት። ዛሬ ጠዋት የሬንጁ ሽታ ሲመጣ መስኮቱን የከፈተችው እሷ ናት።