የእትየ የሺ ስም የት ገባ?

ዛሬ ጠዋት ጋሽ ደሴ የራሳቸውን መርዶ በራሳቸው ስልክ አነበቡ።

እዚህ ቆሰበር በጥሩምባ ነፊ ፈንታ የእድራችንን መርዶ የሚልከው እኔ ሃስኬል በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍኩት ፕሮግራም ነው። ያረፉት ግን ባለቤታቸው እትየ የሺ ናቸው።

ኮዱ ውስጥ «አባል» እና «ሟች» የሚባሉ ሁለት ሞጁሎች፣ ማለትም የኮድ ክፍሎች፣ አሉ። ሁለቱም «ስም» የሚል ቦታ አላቸው። አንድ ላይ ሳስገባቸው ኮዱን የሚፈትሸው ኮምፓይለር «የትኛው ስም?» እያለ አስቸገረኝ።

ከእያንዳንዱ ስም ፊት የሞጁሉን መጠሪያ ማስቀደም ነበረብኝ። ሰለቸኝና የሟቹን «ስም» ደበቅሁት። ኮምፓይለሩም ዝም አለ። (ደስ ብሎኝ ማኪያቶ አዝዤ ነበር።)

ስለዚህ በሟቿ ቦታ መርዶውን ያስመዘገቡት አባል፣ የጋሽ ደሴ፣ ስም ወጣ።

ለይቅርታ እየሮጥኩ ቤታቸው ስደርስ፣ ከአዘና የመጣች እህታቸው «ወንድሜን!» እያለች ገባች። እሳቸው ራሳቸው በር ላይ ቆመው ተቀበሏት።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ።

«እኔን መግደልህን ተወው ልጄ። የሷን ስም የት አደረስከው? ከጠዋት ጀምሮ የሚገባው ሁሉ ደሴ፣ ደሴ ነው የሚለው። የሺ ብሎ ያለቀሰላት የለም።»

ድንኳኑ ጥግ ላፕቶፔን ከፍቼ ኮዱን አስተካከልኩት። ሟች.ስም።

መርዶውን እንደገና ስልከው የለቀስተኛው ስልክ ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ። ከዚያ ለቅሶው እንደ አዲስ ጀመረ።

እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው።

እናንተስ፣ ስህተቱ ዝም ይበልልን ብላችሁ ምን ደብቃችሁ ታውቃላችሁ? የሰው ስም ከሆነ ግን ለእኔ አትጻፉልኝ፤ አሁኑኑ ሂዱና አውጡት።