እስከ ወለል የሰመጠው ፍሬን፦ ከአትክልት ተራ እስከ ሆለታ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ አትክልት ተራ

ገና አልነጋም። ሌሊቱን ሲጓዙ ያደሩ የጭነት መኪኖች ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን ያራግፋሉ። የረገጡት ሁሉ የጎመን ቅጠል ነው። በቤታችን ጓሮ አሮጌዋን መኪናዬን ሳስነሣ ባለቤቴ አስካለ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ታናሽ እህቷ ዛሬ ሆለታ ላይ ትዳራለች። ሙሽራው ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ አባታቸው በሕይወት ስለሌሉ የምትመርቀው እሷ ናት።

ከመንቀሳቀሴ በፊት ፍሬኑን ረገጥሁት። ሊጥ የረገጥሁ ያህል እግሬ ሰመጠ። ሁለቴ ሦስቴ ስደጋግመው ጠንከር አለ። አስካለ የቀሚሷን ዳንቴል እያስተካከለች ነበርና አላየችም። እኔም አልነገርኋት።

ጥፋቱን ልናዘዝ። ባለፈው ሳምንት ከኋላ ጎማ የፍሬን ዘይት ይንጠባጠብ ጀመር። አስካለ፣ "ንጉሤ ጋራዥ ለምን አትወስዳትም?" አለችኝ። ያን ስም ባትጠራ ኖሮ እወስዳት ነበር። ንጉሤና እሷ አንድ ግቢ ያደጉ ናቸው። እኔ ሳላውቃት በፊት ሽማግሌ ልኮባት ነበር። "አልሆነም" ብላ ነገረችኝ፣ በዚያው ቀረ። ለምን እንዳልሆነ በስድስት ዓመት ትዳር አንድ ቀን አልጠየቅሁም፤ አንድ ቀን ግን ሳላስበው አላደርሁም። ስለዚህ እሑድ ዕለት እጅጌዬን ሰብስቤ ጎማውን ፈታሁ፤ ያረጀውን ጎሚኒ፣ ዘይቱን የሚይዘውን የላስቲክ ቀለበት፣ በአዲስ ቀየርሁ፤ ዘይት ሞላሁ። እኔ የጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ሥራውን ስጨርስ ግን ንጉሤን ያሸነፍሁት መስሎኝ ነበር።

አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ

ወደ ድልድዩ ቁልቁለት ነው። ከፊታችን ድንች የጫነ ጋሪ አዘግሞ ይወርዳል። ፍሬኑን ረገጥሁ፤ ፔዳሉ ወለል ነካ። ደገምሁት፣ ሰለስሁት። መኪናዋ እየፈጠነች ነው። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጄ ሳብሁት። መኪናዋ ጮኻ፣ ዞር ብላ ቆመች። በአፍንጫዋና በጋሪው መንኮራኩር መካከል አንድ ክንድ አልቀረም።

ባለጋሪው ከላይ ሆኖ፣ "ጋሼ፣ ፈረሴን ሊጨርሱብኝ ነው?" አለ።

አስካለ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ይሄ ነገር የጀመረው መቼ ነው?" አለችኝ።

"እሑድ።"

"እያወቅህ ነው ያሳፈርኸኝ?"

ዓይኔን ከጋሪው ላይ አላነሣሁም።

"ደምሴ፣ ወይ አሁን ንጉሤ ዘንድ እንሄዳለን፣ ወይ እኔ በአውቶቡስ እሄዳለሁ።"

ጋራዡ ደግሞ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ነው። ብቻዋን ብትሄድ በደጃፉ ማለፏ አይቀርም። በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን ሽቅብ ወጣን። መርካቶ ሱቆቿን እየከፈተች ነበር፤ አህያ የሚነዳ ሁሉ ይቀድመናል።

አንድ ሰዓት፣ አውቶቡስ ተራ

የአውቶቡስ ረዳቶች "ጅማ! ነቀምት!" እያሉ ይጣራሉ። ንጉሤ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ በነጭ ጋዝ እጁን ይታጠባል። መልከ መልካም ነው፤ ይሄንንም ልጻፈው። እኛን ሲያይ ፊቱ በራ።

"አስኩ! ዛሬ አንቺ ነሽ እንዴ ሙሽራዋ?"

አስኩ! እኔ እንደዚያ ብዬ ጠርቻት አላውቅም። እሷም ሳቀች። ከድልድዩ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው።

ፔዳሉን በእጁ ጫን፣ ለቀቅ አደረገው። "ሲደጋገም ይጠነክራል፣ ሲያዝ ይሰምጣል። አየር ገብቶበታል። ማነው የሠራው?"

"አንድ ሰው ነው" አልሁ። አስካለ ወደ መንገዱ አየች፤ አላጋለጠችኝም።

"ሰውዬው ብቻውን ነው የሠራው" አለ ንጉሤ። "አየሩ እንዲወጣ አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ከታች ጎማው ላይ ያለውን የአየር ማውጫ ቡሎን ይፈታል። ቡሎኑ ሳይጠብቅ እግር ከተነሣ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ለብቻ አይሆንም። አስኩ፣ ነይ አንቺ እርገጪ፤ እኔ ከሥር እገባለሁ።"

"እኔ እገባለሁ!" አልሁ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ።

ንጉሤ ትንሽ አየኝና ቱታውንና አንድ የቡሎን መፍቻ ቁልፍ ሰጠኝ። "ግባ። ከመሪው በጣም ከሚርቀው፣ ከኋላው የቀኝ ጎማ እንጀምራለን።"

በጀርባዬ ተንሸራትቼ ገባሁ። ቀጭን ቱቦ ቡሎኑ ላይ ሰካሁ፤ ሌላው ጫፉ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ገባ። አስካለ መሪው ጋ ተቀምጣለች፤ ንጉሤ በሩ አጠገብ ቆሞ ትእዛዝ ይሰጣል።

"እርገጪ። ያዢ። ፍታ!"

ጠርሙሱ ውስጥ አረፋ ተንቦቀቦቀ። አጠበቅሁት።

"ልቀቂ።"

ደጋግመን አረፋው ሲያንስ ንጉሤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አስኩ፣ ሳልጠይቅሽ የቀረሁት ነገር አለ" ሲል ሰማሁ። "ያን ጊዜ እምቢ ያሉት አባትሽ ናቸው ወይስ አንቺ?"

ቁልፉ እጄ ላይ ቀረ። ቡሎኑ ክፍት ነው።

"አባቴማ ወዶህ ነበር" አለች አስካለ። "እኔ ነኝ እምቢ ያልሁት።"

"ሌላ ሰው ነበረ?"

"አልነበረም። አንተ ወንድሜ ነበርህ። እሱ የመጣው በኋላ ነው።"

"ይሄ ፍሬኑን ብቻውን የሠራው?"

"አዎ" አለች፤ በድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበር። "ይሄው ራሱ።"

ያን ጊዜ እግሯን አነሣች። ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ዘይት በቱቦው ሽቅብ ሲሳብ አየሁ።

"ዘግተሃል?" አለ ንጉሤ።

"አልዘጋሁም።"

"እንደገና!" አለ። እኔም ፊቴ መኪና ሥር በመሆኑ ተመስገን አልሁ። ያን ጎማ ከመጀመሪያው ጀመርን፤ ከዚያ ሦስቱን አዳረስን። ስወጣ ንጉሤ ዘይቱን ሞላና ፔዳሉን ራሴ እንድረግጠው አደረገ። ግማሽ መንገድ ላይ እንደ ድንጋይ ቆመ። እጄን ጨብጦ፣ "ሙሽሪትን እንኳን ደስ ያለሽ በሉልኝ" አለ። አስካለን በዓይኑ አልሸኛትም። እኔ ግን እያየሁት ነበር።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ ሆለታ

ኮልፌን አልፈን ሜዳው ተገለጠ። ቁልቁለት በመጣ ቁጥር እግሬ ፔዳሉን ይሞክራል፤ በያንዳንዱ ጊዜ ይይዛል። ንጉሤ መልካም ሰው ነው። ይህ ደግሞ ይበልጥ አቃጠለኝ። ክፉ ቢሆን እንዴት ይቀለኝ ነበር!

ከሠርጉ ድንኳን ፊት ስቆም ከበሮው ጀምሯል፤ ሙሽራው ገና አልደረሰም። አስካለ በሩን ከፈተችና ሳትወርድ ቆየች።

"አስካለ" አልኋት፣ "ከመኪናው ሥር ሆኜ ሁሉንም ሰምቻለሁ።"

"እንድትሰማ ነው የመለስሁለት" አለች። "ስድስት ዓመት ሙሉ ትጠይቀኛለህ ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ቀደመህ።"

ወርዳ፣ ቀሚሷን አራግፋ፣ እጇን ዘረጋችልኝ። ዘይት የነካውን እጄን ልደብቅ ስል ያዘችኝ፤ እንደያዘችኝም ድንኳኑ ውስጥ ገባን።