የበሩ ባለቤትና የግድግዳው ጭቃ

የባሌ እህት በየዓመቱ ለንግሥ ስትመጣ የቤተ ክርስቲያናችንን በር በመዳፏ ዳበስ ታደርገዋለች። በሩ የተጠረበው ከአባቷ ጓሮ ከተቆረጠ ዋንዛ ነው። ሌላው ሰው በሩን ተሳልሞ ያልፋል፤ እሷ ግን ቆማ ታየዋለች፣ እንደ ልጇ። ይህን ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

መሪጌታው ከቅዳሴ በኋላ የሕንፃውን ታሪክ ለወጣቶቹ ይነግራሉ። ምሰሶውን እገሌ ሰጠ፣ በሩ የእነ እገሌ ዋንዛ ነው፣ ሣሩን አውርዶ ቆርቆሮ ያለበሰው እገሌ ነው ይላሉ። ግድግዳው ላይ ሲደርሱ "ከዚያ ጭቃው ተመረገ" ብለው ያልፋሉ። ማን እንደ መረገው አይነሣም።

የእኛ የፎገራ አፈር ጥቁር ነው። ለሩዝ ይሆናል፤ ለግድግዳ ግን አይሆንም፣ በጋ ሲመጣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሠራ እኛ ሴቶቹ ከወረታ በላይ ካለው ዳገት ቀይ አፈር በአቁማዳ ተሸክመን አወረድን። እኔ ገና ሙሽራ ነበርሁ። ከጤፍ ጭድ ጋር በእግራችን ረገጥነው፣ እስኪቦካ ተውነው፣ በእጃችን መረግነው። ዛሬም ክረምት በወጣ ቁጥር ውሃ የላሰውን የግድግዳ እግር የሚጠግኑት ሴቶች ናቸው። በሩን ማንም ጠግኖት አያውቅም።

አምና ንግሡ ሳይደርስ መሪጌታው ዘንድ ሄድሁ።

"የኔታ፣ በሩ ባለቤት ካለው ግድግዳውም ይኑረው" አልኋቸው።

"እታለም፣ ጭቃውን ያልተሸከመች ሴት የለች። የማንን ስም ልጥራ?"

"የሴቶቹ ነው ይበሉ። ግድግዳው በራሱ አልቆመም።"

ለንግሡ ቀድማ የመጣችው የባሌ እህት ከቅጥሩ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ ትሰማን ኖሯል። "ጭቃም ታሪክ አለው? ነገ ደግሞ ውሃው ይነገርልኝ ትያለሽ" አለች።

"ውሃውንስ ማን ቀዳው? ዋንዛሽ ነው?" አልኋት።

መሪጌታው ጺማቸውን ይዘው ሳቁና "ይሁን፣ እናገራለሁ" አሉ።

በንግሡ ዕለት ቃላቸውን አላጠፉም። "ይህን ግድግዳ ከዳገት ቀይ አፈር ተሸክመው ያቆሙት የአጥቢያችን ሴቶች ናቸው" አሉ። ገና ቀና ከማለቴ ከሁሉ የበለጠ እልልታ ሰማሁ። የባሌ እህት ናት። ልጃገረዶቹ ከበቧት።

"እማማ፣ እርስዎም ተሸክመዋል?"

"እሷን ጠይቋት" አለች ወደ እኔ እያየች። "ዳኛዋ እሷ ናት።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በሩ የእሷ፣ አሁን ደግሞ ግድግዳው ሊጨመርላት ነው። ከዚያ ዘመን ሴቶች የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ ብክድ የሚያጋልጠኝ አልነበረም። ነገር ግን እርጉዝ ሆና፣ ተይ እያልናት፣ አቁማዳዋን አዝላ ከፊቴ ቁልቁለቱን ስትወርድ በዓይኔ አይቻታለሁ።

"ተሸክማለች" አልሁ። "ሸክሟም ከእኔ ይከብድ ነበር።"

"ሰማችሁ?" አለችና ነጠላዋን አስተካከለች።

ከዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠበል ጠዲቁን ቀመስን። ጠላው ግሩም ነው ሲሉ ሰማሁ፤ እኔን ግን አልጣመኝም።