በበዓል ቀን የሚብስ ወገብ

ሰቆጣ ውስጥ ወገቤን ያለ ሰው ኩላሊቱን ነው የሚባለው። የቤት አከራዬ ኩላሊት ነው አለችኝ፤ አብሮኝ የሚያስተምረው የስፖርት መምህር ኩላሊት ነው አለኝ። ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት እንኳ፣ ስወርድ ወገቤን መያዜን ስላየች ብቻ፣ «ውሃ ጠጣ ወንድሜ፣ ኩላሊት ነው» ብላኝ ሄደች። ጠጣሁ። ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ጠመኔዬን ጥዬ ወደ መጸዳጃ ቤት የምሮጥ ሰው ሆንሁ እንጂ ወገቤስ ያው ነው። የሄድሁበት ክሊኒክ ሁሉ ሽንቴን መረመረ፣ በአልትራሳውንድ አየኝ፣ ከዚያ ኩላሊቴን አመስግኖ ሸኘኝ። «ኩላሊትህ በጣም ጥሩ ነው!» ይሉኛል ደስ ብሏቸው። እኔ ስለ ኩላሊቴ መች ጠየቅሁ?

ሕመሙ እኮ እዚያ አልነበረም። ቀበቶ ከሚያልፍበት ዝቅ ብሎ፣ መቀመጫዬ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ነው። አንድ ሰሞን በቀኝ ይሆንና ሌላ ሰሞን ወደ ግራ ይዞራል። ጠባዩ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ጠዋት ስነሳ እንደ ደረቀ ቁርበት ግትር እላለሁ፤ ካልሲዬን ለማጥለቅ ከግድግዳው ጋር እታገላለሁ፤ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ደርሼ አላውቅም። ረፋዱ ላይ ይለቀኛል። ከሰዓት በኋላ ከመምህራኑ ጋር መረብ ኳስ ስንጫወት ከሁሉ በላይ የምዘለው እኔ ነኝ። እንግዲህ ይህን ርዕሰ መምህሩ በምን ዓይን ይየው? በስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ «ጠዋት በሽተኛ፣ ከሰዓት ስፖርተኛ» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። በሌላ ሰው ላይ ቢባል እኔም እስቅ ነበር።

ከኩላሊቱ የባሰው ግን «እረፍ» የሚለው ምክር ነው። በእኛ አገር ለታመመ ሰው ፍቅር የሚገለጸው በማስቀመጥ ነው። ለቅሶ ቤት ገብቼ ጥቂት ቆም ካልሁ፣ «ኧረ ተቀመጥ፣ አንተ ደግሞ በሽተኛ!» እያሉ በርጩማ ይገፉልኛል። ክሊኒኩ የሕመም ፈቃድ ጽፎ ተኛ ይለኛል። እተኛለሁ። በተኛሁ ቁጥር ይብስብኛል። ሊነጋጋ ሲል ሕመሙ ይቀሰቅሰኝና ክፍሌ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ነው ትንሽ የሚለቀኝ። ይህን ስናገር ሰው ፊቱን ቅጭም ያደርጋል። «ሲያርፉት የሚብስ ሕመም ደግሞ ምን ዓይነት ነው?» «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ እኔ ምኑን ደበቅሁ? ለባጃጅ ተሳፋሪ ሳይቀር ተናግሬያለሁ።

በዚህ ሁሉ ንዴት ሥር አንድ ፍርሃት ነበረብኝ። አባቴ ጎባጣ ናቸው። እርጅና ያጎበጣቸው እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ጢማቸው ገና ጥቁር ሳለ ነው መጉበጥ የጀመሩት። ዛሬ ደሃና ባለው መንደራችን ሲሄዱ የሚያዩት የገዛ እግራቸውን ነው። ሰው ሲጠራቸው አንገታቸው ስለማይዞር መላ አካላቸውን ይዘው ይዞራሉ። የማያውቃቸው ሰው ኩራተኛ ይላቸዋል።

የሚያውቃቸው ደግሞ በዓል ሻሪ ይላቸዋል። በመንደራችን ሚካኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔዓለም፣ ሌላውም ሌላውም እየተባለ በወሩ ውስጥ ብዙ ቀን ሞፈር አይነሳም፣ ዶማ አይያዝም። በዓል የሻረ ሰው መቅሠፍቱን በራሱ ላይ ብቻ አያመጣም፤ በጎረቤቱ ሰብል ላይም በረዶ ያወርዳል ይባላል። አባቴ በጎልማሳነታቸው በበዓል ቀን ከቤታችን ጓሮ ድንጋይ ሲክቡ፣ እንጨት ሲፈልጡ ይገኙ ነበር። አንድ ዓመት እንዲሁ በሚካኤል ሲሠሩ ታዩ፤ በማግስቱ በረዶ የመንደሩን ገብስ አወደመው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ «ለምን ሠራህ?» ብለው ጠየቋቸው።

«ቁጭ ማለት አቃተኝ» አሉ አባቴ።

መልሱን እንደ ድፍረት ቆጠሩባቸው። ከጽዋ ማኅበሩ አስወጧቸው። ከዚያ በኋላ ወገባቸው ከዓመት ዓመት እየጎበጠ ሲሄድ ማን ምን ይጠራጠራል? ሚካኤል አጎበጠው ተባለ። እሳቸውም አመኑ። የንስሐ አባታቸው ያዘዙላቸውን ስግደት ሲሰግዱ፣ ሲነሱ ሲወድቁ፣ ወገባቸው ይለቃቸው ነበር። ስግደቱ ስላሻላቸው ደግሞ ጥፋታቸው የተረጋገጠ ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር ነው እኔን የሚያንጨረጭረኝ!

ባለፈው ፋሲካ ቤተሰብ ለመጠየቅ ወደ ደሃና ወጣሁ። ከፋሲካ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ሥራ የለም፤ መብላት፣ መጠጣት፣ መቀመጥ ነው። ዘመድ ሁሉ እየጎተተ አስቀመጠኝ፤ ወደ ሳምንቱ መጨረሻ ወገቤ እንጨት ሆነ። አንድ ቀን ጠላ ቤት ሙሉ ሰው ተቀምጦ እኔ ልነሳ ስል፣ እጆቼን ጭኔ ላይ ተክዬ ራሴን በራሴ እየገፋሁ ነው የተነሳሁት። የአባቴ እህት አማተበች።

«የእናቴ ልጅ! ያባቱን ይዞት የለም እንዴ!» አለች።

አንዱ ሽማግሌ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የአባት ዕዳ ለልጅ» ሲሉ ሰማሁ። አባቴም ሰምተዋል። ውጭ ወጥተን ብቻችንን ስንሆን፣ «ጠበሉ ይቆየን። ተመልሰህ ውረድ፣ ሐኪም ፈልግ» አሉኝ። እድሜ ልካቸውን ሐኪም ፈልግ ሲሉ ሰምቻቸው ስለማላውቅ፣ ምን ያህል እንደፈሩ ያኔ ገባኝ።

ሰቆጣ ተመልሼ ከዚህ በፊት ያልሄድሁበት ሐኪም ቤት ሄድሁ። ሐኪም ቤት ስጠብቅ ተቀምጬ አላውቅም፤ ተራዬ እስኪደርስ ኮሪደሩን ስመላለስበት ነው የምቆየው። እንዲህ ተፍታትቼ፣ እንደ ጤነኛ ተራምጄ እገባለሁ፤ ውስጥ ያለው ሐኪም ጎንበስ በል፣ ቀና በል ይለኛል፤ ጎንበስ ቀና እላለሁ፤ ማስታገሻ ጽፎ ይሸኘኛል። የወገቤን ራጅ ያነሱትም «ንጹሕ ነው» ብለው መልሰውኛል። ማስረጃዬን ኮሪደሩ ላይ ረግጬ ረግጬ እያጠፋሁት ነበር የምገባው።

የዚያን ቀን ግን ቁጡ ዘበኛ ገጠመኝ። «አንተ ረጅሙ! ቁጭ በል፣ ሰው አታደናግር!» አለኝ። ወገቤን ያመኛል አልሁት። «ታዲያ ያመመው ሰው አይቀመጥም?» አለና አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሰው አጠጋግቶ ቦታ ሰጠኝ። ይኸው፣ አሁንም አስቀመጡኝ! ቀና ባልሁ ቁጥር በዓይኑ መልሶ እያስቀመጠኝ ረፋዱ አለፈ። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም በሩ ላይ ወጥታ ስሜን ስትጠራ፣ እጄን ጭኔ ላይ ተክዬ፣ ጥርሴን ነክሼ ተነሳሁ።

«ቆይ» አለችኝ። «እንዴት ነው የተነሳኸው? እስቲ ተመልሰህ ተቀመጥና ድገመው።»

«ዶክተር፣ ቲያትር አይደለም እኮ» አልኋት። ንዴቴ አፌ ላይ ነበር።

አልተቆጣችም። አስገባችኝና ገና ወንበር ሳታሳየኝ፣ «ስታርፍ ነው የሚብስብህ፣ ወይስ ስትንቀሳቀስ?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ሁሉም «የት ነው የሚያምህ?» ይላል እንጂ መቼ እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። አንገቴ ድረስ ሞልቶኝ ነበርና ስለ ጠዋቱ፣ ስለ ካልሲው፣ ስለ መረብ ኳሱ ሁሉንም አፈሰስሁት። እሷ ደግሞ ጥያቄዋን ቀጠለች። ዓይንህን አሞህ ያውቃል? አዎ፣ አምና አንዱ ዓይኔ ቀልቶ ብርሃን ማየት አቅቶኝ ነበር፤ ለዓይን ሐኪም እንጂ ለወገብ ሐኪም የሚነገር አልመሰለኝም። ያልፈላ የፍየል ወተት ትጠጣለህ? የዋግ ሰው ሆኜ እንዴት አልጠጣ! ሳል አለህ፣ ማታ ማታ ያልብሃል? የለም። ከወተት የሚመጣ ትኩሳትም፣ የሳንባ ነቀርሳም እዚያው ቦታ ገብተው እንዲህ ሊያሳምሙ እንደሚችሉ ነግራኝ ደም አስወሰደችኝ። በጀርባዬ አስተኝታ የአንዱን እግሬን ቁርጭምጭሚት በሌላው ጉልበት ላይ አስቀመጠችና ጉልበቴን ወደ ታች ጫን አደረገችው። ጮህሁ። ዘበኛው በሩን ከፍቶ አየን።

ራጁን እንደገና አዘዘች፤ አሁን ግን ወገቤን ሳይሆን ዳሌዬን። ወጥቶ ሲመጣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግታ አሳየችኝ። የዳሌ አጥንት ከአከርካሪው ግርጌ ጋር የሚገናኝበት ግራና ቀኝ ሁለት መስመር አለ። ጥርት ብሎ መታየት ሲገባው የእኔ ጠርዙ ብል እንደበላው ልብስ ተቦጫጭቋል። «መገጣጠሚያው ተቆጥቷል» አለችኝ። «እስካሁን ያነሱህ ከዚህ በላይ ያለውን ነው።» የደሙ ውጤት ከወተትም እንዳልሆነ ሲነግረን፣ የአከርካሪ ቁርጥማት ነው አለች። ካልታከመ አጥንቱ እርስ በርሱ እየተጣበቀ ሰውን ያጎብጣል። የበለጠ አጣርቶ ወደሚያይ መሣሪያ፣ ወደ ትልቅ ከተማ፣ ላከችኝ፤ መድኃኒቱን ግን ዛሬውኑ ጀምር አለችኝ። ከመድኃኒቱ ጋር ያዘዘችልኝ ሌላው ነገር እንዳላርፍ ነው። በየቀኑ ተራመድ፣ ተንጠራራ፣ ብዙ አትቀመጥ። ያንን ወረቀት ለርዕሰ መምህሩ፣ ለአከራዬ፣ ለባጃጇ ሴት፣ ለአገሩ ሁሉ አባዝቼ ብለጥፈው በወደድሁ።

«ቤተሰብ ውስጥ ወገቡ የጎበጠ ሰው አለ?» አለችኝ ልወጣ ስል።

አባቴ አልሁ። አፌ ይህን ሲል ጓሯችን ታየኝ፤ በሚካኤል ቀን፣ መንደሩ ሁሉ ቁጭ ብሎ፣ አባቴ ብቻቸውን ድንጋይ ሲክቡ። ቁጭ ማለት አቃተኝ ብለው ነበር እኮ! በሸንጎ ፊት ሕመማቸውን እንደ ሐኪም አድርገው ተናግረው፣ ሰሚ አጥተው ተፈረደባቸው።

ሳልውል ሳላድር ደሃና ወጣሁ። ከመኪና መንገዱ በኋላ ያለውን አቀበት በእግሬ ስወጣ ወገቤ አላመመኝም፤ እረፍ ሲሉኝ የኖሩትን ሳስብ ያናደደኝ እሱ ራሱ ነው። አባቴ ደጅ ቆመው ዘንጋቸውን ተደግፈው ነበር። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ሕመሙ ስም እንዳለው፣ ከአባት ወደ ልጅ በዘር ሊሄድ እንደሚችል፣ የእኔ በጊዜ ስለተገኘ ቀና ብዬ የመኖር ተስፋ እንዳለኝ። የእርስዎ የተጣበቀው ግን አይመለስም የሚለውን አልነገርኋቸውም። ሳልናገረውም ገባቸው።

«አንተ ቀና በል እንጂ የኔስ ግድ የለም» አሉ። ያቺን ፍርድ የፈረዱባቸው ሽማግሌዎች አብዛኞቹ ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ተቀብረዋል፤ ሄደው የሚጮኹበት ሰው የለም። እኔ ግን ልጮኽ ፈልጌ ነበር።

«እርግጥ ሚካኤል አይደለም?» አሉኝ።

«አይደለም አባዬ። ሕመም ነው።»

«ሐኪሟ እንዴት ብላ ነው የጠየቀችህ?»

ነገርኋቸው።

«እኔንም ጠይቀኝ» አሉ።

የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ዓይናቸው እንዲያየኝ ከፊታቸው መሬት ላይ ተንበረከክሁና፣ «አባዬ፣ ሲያርፉ ነው የሚብስብዎ፣ ወይስ ሲሠሩ?» አልኋቸው።

ዘንጋቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ሳርፍ» አሉ። «ሳርፍ ነው ልጄ። በተለይ በበዓል ቀን።»